የምርት ልማት መሠረታዊ ትምህርት፣ በአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲብራራ

የምህንድስና ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሠራቸው ጥያቄዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ለመልሱ የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ በጥያቄው ውስጥ ይሰጣል፤ የማያስፈልገው አይሰጥም፤ ትክክለኛው መልስም አንድ ብቻ ነው። ቮልቴጁና ሬዚስታንሱ ተሰጥተው ከረንቱን ማስላት፣ ጭነቱና ርዝመቱ ተሰጥተው የአንድን ምሰሶ መጉበጥ ማስላት የዚህ ዓይነት ሥራዎች ናቸው። የምርት ልማት ትምህርት የሚከብደው ከዚህ ልማድ ጋር ስለሚጋጭ ነው። በምርት ልማት ጥያቄውን የሚያወጣው ተማሪው ራሱ ነው፤ የተሳሳተ ጥያቄ አውጥቶ በትክክል የመለሰ ተማሪም ማንም የማይገዛውን ዕቃ ታቅፎ ይቀራል።

የምርት ልማት ስንል አንድን ፍላጎት ከመለየት ተነሥቶ፣ ያንን ፍላጎት በሚለካ መስፈርት አስቀምጦ፣ አማራጭ ሐሳቦችን አፍልቆና መርጦ፣ ዝርዝር ንድፍ አውጥቶ፣ ናሙና ሠርቶና ፈትሾ፣ በመጨረሻም ዕቃውን ገዢው በሚከፍለው ዋጋ ደጋግሞ ለማምረት እስከ መብቃት ያለውን ሥራ ሁሉ ማለታችን ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ይህ ሂደት ከግራ ወደ ቀኝ በተደረደሩ ሣጥኖችና ቀስቶች ይሣላል። ሥዕሉ ለፈተና ይጠቅማል፤ ሥራው ግን እንደ ሥዕሉ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ናሙናው የመስፈርቱን ጉድለት ያጋልጣል፣ የማምረቻ ወጪው የተመረጠውን ሐሳብ ያስጥላል፣ ቡድኑም ተመልሶ ከመጀመሪያው ሣጥን ይቀመጣል። ስለዚህ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ከመዘርዘር ይልቅ አንድ ዕቃ ይዞ መከተል የተሻለ ያስረዳል።

ዕቃውን ለመፈለግ ከመሐል አዲስ አበባ መውጣት አያስፈልግም። የቀድሞው የምህንድስና ኮሌጅ በ1940ዎቹ ከተቋቋመ በኋላ ሥር የሰደደበትና ዛሬም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ትምህርት የሚሰጥበት አምስት ኪሎ፣ ከመርካቶው ምናለሽ ተራ ብዙም አይርቅም። በአንደኛው ቦታ የሙቀት ሽግግር እኩልታ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ በሌላው ያገለገለ በርሜልና ቁርጥራጭ ላሜራ ተቀጥቅጦ ምድጃና የቤት ዕቃ ይሆናል። ሁለቱም ወገኖች የሚያውቁት አንድ ዕቃ ቢኖር የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ክፍሎቹ በዓይን የሚታዩ ናቸው፦ ከላይ የሸክላ ሰሌዳ፣ ከሥሩ በተቆፈረ ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ የተኛ የሚግል ሽቦ፣ ዙሪያውን የያዘ የላሜራ አካልና እግር፣ ከላይ ደግሞ አክንባሎ። እንዲህ ቀላል መስሎ ሳለ የሙቀት፣ የኤሌክትሪክ፣ የቁሳቁስ፣ የማምረቻና የሰው ልማድ ጥያቄዎችን በአንድ ላይ ይዟል፤ ለትምህርት የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

አንድ የተማሪዎች ቡድን ምጣዱን ለማሻሻል ተነሣ እንበል። የመጀመሪያው ፈተና ከተጠቃሚዋ የሚገኘውን ቃል በአግባቡ መቀበል ነው። «እትዬ፣ ምን ዓይነት ምጣድ ይፈልጋሉ?» ብሎ ለጠየቀ ተማሪ የሚሰጠው መልስ ከወዲሁ ይታወቃል፦ ቶሎ የሚግል፣ መብራት የማይበላ፣ የማይሰነጠቅ፣ ዋጋውም የማይወደድ። መልሱ ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ለንድፍ የሚሆን ነገር አልተገኘበትም። «ባለፈው ሲጋግሩ ያስቸገረዎት ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ይሻላል፤ ከእርሱ ደግሞ በሚጋገርበት ቀን ተገኝቶ በዝምታ ማየት ይበልጣል። ጋጋሪዋ ምጣዱ መጋሉን በምን ታውቃለች? በአንዱና በሁለተኛው እንጀራ መካከል ስንት ጊዜ ትጠብቃለች? ከየትኛው ጠርዝ ጀምራ ታነሣለች፣ የትኛውስ ጠርዝ ሳይበስል ይቀራል? ምጣዱ ሲሰካ ሌላ ምን ዕቃ ከሶኬት ይነቀላል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብሬከር እንዳይወርድ ፍሪጁን የምትነቅል እናት ስለ ከረንት ወሰን እየተናገረች ነው፣ «ከረንት» የሚለውን ቃል ባትጠቀምም።

ቡድኑ በዚህ ምልከታ መጀመሪያ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ተጠቃሚው አንድ ሰው አለመሆኑን ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለቤተሰብ የሚጋግር ቤት እና ከንጋት ጀምሮ ለሆቴልና ለሱቅ የምታቀርብ ጋጋሪ በአንድ ዓይነት ዕቃ ቢጠቀሙም ችግራቸው የተለያየ ነው። ለመጀመሪያው ቤት የማሞቂያው ደቂቃ ከጠቅላላው ጊዜ ጉልህ ድርሻ አለው፤ ለሁለተኛዋ ግን ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ በእያንዳንዱ እንጀራ የሚያጣውን ሙቀት በምን ፍጥነት እንደሚመልስ ነው ቁም ነገሩ። ሁለቱን በአንድ ምርት ለማስደሰት የሚሞክር ቡድን ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ያሳዝናል። ለማን እንደሚሠራ መወሰን የንግድ ትምህርት ክፍል ጉዳይ ብቻ የሚመስለው የምህንድስና ተማሪ ጥቂት አይደለም፤ ከታች እንደምናየው ግን የሸክላው ውፍረት እንኳ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ቃልን ወደ ቁጥር የመለወጥ ሥራ ነው፤ በእኔ ግምት ከጠቅላላው ትምህርት ትልቁን ጊዜ ሊወስድ የሚገባውም ይኸው ነው። «ቶሎ የሚግል» የሚለው ቃል፣ ከክፍሉ ሙቀት ተነሥቶ የምጣዱ ገጽ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እስኪደርስ የሚፈጀው ደቂቃ ይሆናል። «እኩል የሚያበስል» የሚለው በመሐሉና በጠርዙ መካከል የሚፈቀደው የሙቀት ልዩነት፣ «መብራት የማይበላ» የሚለው ደግሞ ማሞቂያውን ጨምሮ ለ30 እንጀራ የሚወጣው ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። እያንዳንዱ መስፈርት የሚለካ ነገር፣ የመለኪያ አሃድና የሚፈለግ መጠን ይኖረዋል። መፍትሔ ግን አይኖረውም። «የኒክሮም ሽቦ (ከኒኬልና ከክሮሚየም ቅይጥ የሚሠራ የማሞቂያ ሽቦ) ይኑረው» የሚል ዓረፍተ ነገር በመስፈርት ሰንጠረዥ ውስጥ ከተገኘ ቡድኑ ገና ሳይጀምር መልሱን ወስኗል ማለት ነው፤ ምናልባት የተሻለው መፍትሔ ሽቦ የሌለው ሊሆን ይችል ነበር።

የተለመደው ስሌት ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ዲያሜትሩ 58 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲሜትር የሆነ የሸክላ ሰሌዳ እንውሰድ፤ ክብደቱ 10 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም ሸክላ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ከፍ እንዲል 0.88 ኪሎ ጁል ያስፈልገዋል ብንል፣ ሰሌዳውን ከ20 ወደ 200 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 1,600 ኪሎ ጁል ይጠየቃል። ምጣዱ በ220 ቮልት 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ከሆነ፣ ይህም ወደ 16 አምፒር ማለት ነው፣ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ 7 ደቂቃ ተኩል ያህል መጠበቅ ግድ ነው። ወደ ሥርና ወደ ጎን የሚያመልጠው ሙቀት ሲታከልበት ጊዜው ከዚህ በጣም ይረዝማል።

ከቡድኑ አንዱ «እንግዲያው ሰሌዳውን በግማሽ እናሳሳው» ማለቱ አይቀርም። ክብደቱ 5 ኪሎ ግራም ሲሆን የማሞቂያው ጊዜም በግማሽ ይቀንሳልና ስሌቱ የሚደግፈው ይመስላል። አሁን ግን ሊጡን እናፍስስበት። ግማሽ ኪሎ ሊጥ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ ውኃ እስከሚፈላበት ሙቀት ለማድረስ ወደ 126 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃዋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሊጡ ውስጥ 100 ግራም ውኃ ቢተን ደግሞ ሌላ 228 ኪሎ ጁል ያህል ይሄዳል። ድምሩ 350 ኪሎ ጁልን ጥቂት ያልፋል። ይህ ሙቀት በሙሉ በአንዴ ከሰሌዳው ቢወሰድ ወፍራሙ ሰሌዳ 40 ዲግሪ ያህል ሲቀዘቅዝ ቀጭኑ 80 ዲግሪ ይወርዳል። በተግባር ሽቦው በዚያው ቅጽበት እየተካ ስለሆነ መውረዱ የዚህን ያህል አይሆንም፤ ንጽጽሩ ግን ያው ነው። ቶሎ የሚግለው ምጣድ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ምጣድ ላይ የፈሰሰ እንጀራም ዐይን አያወጣም። ለሳምንት ጥቂት እንጀራ ለሚጋግረው ቤት ቀጭኑ ሊሻል ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ለምትጋግረው ሴት ግን የማይሆን ነው። የውፍረቱን ቁጥር የሚወስነው እንግዲህ እኩልታው ብቻውን ሳይሆን ቀደም ሲል የተመረጠው ተጠቃሚ ነው። ቀጭን ሸክላ በቀላሉ እንደሚሰነጠቅ ገና አልጨመርንም።

ከተጠቃሚዋ አፍ ጨርሶ የማይወጡ መስፈርቶችም አሉ፤ እነርሱን ማግኘት የባለሙያው ግዴታ ነው። ኃይል የቮልቴጅን ስኩዌር ስለሚከተል፣ ምሽት ላይ መብራት ደክሞ 220 ቮልቱ 190 ቢሆን 3.5 ኪሎ ዋት የነበረው ምጣድ 2.6 ኪሎ ዋት ብቻ ይሰጣል። ቮልቴጁ የቀነሰው በሰባት አንድ ያህል ሲሆን ኃይሉ ግን ሩቡን አጥቷል። ጋጋሪዋ የምታየው እንጀራው መበላሸቱን ነው፤ ምናልባትም ጥፋቱን በአብሲቱ ወይም በእርሾው ታመካኛለች። በላቦራቶሪ በተስተካከለ ቮልቴጅ ብቻ የተፈተነ ናሙና ይህን ሊናገር አይችልም፤ ስለዚህ «በ190 ቮልትም ቢሆን እንዲህ ይሁን» የሚል መስመር በሰንጠረዡ ውስጥ መግባት አለበት።

መስፈርቱ ከተጻፈ በኋላ አማራጭ ሐሳቦች ይፈልቃሉ፦ ሸክላው እንዳለ ሆኖ ሥሩን በተሻለ መከለያ መሸፈን፣ ሸክላውን በማይጣበቅ ሽፋን በተለበጠ አሉሚኒየም መተካት፣ ሽቦውን መሐሉና ጠርዙ ለየብቻ በሚቆጣጠሩ ሁለት ክፍሎች መክፈል፣ ሌላም ሌላም። ለምርጫ በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ በስኮትላንዱ የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በነበረው በስቱዋርት ፒው ስም የሚጠራው ሰንጠረዥ ነው። አንድ የታወቀ ዕቃ፣ በእኛ ምሳሌ በገበያ ያለው ምጣድ፣ መነሻ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሐሳብ በእያንዳንዱ መስፈርት ከእርሱ ይበልጥ፣ ያንስ ወይም እኩል እንደሆነ በመደመር፣ በመቀነስ ወይም በእኩል ምልክት ይሞላል። የሰንጠረዡ ትልቁ ጥቅም አሸናፊውን መንገሩ አይደለም፤ አንዱ ሐሳብ የተሸነፈበትን መስፈርት ከሌላው ተበድሮ ሦስተኛ ሐሳብ እንዲወለድ ማድረጉ ነው። በተማሪዎች ሥራ ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ሌላ ነው፤ መጀመሪያ የተወደደው ሐሳብ ይመረጣል፣ ከዚያ ሰንጠረዡ እርሱን እንዲያስመርጥ ተደርጎ ይሞላል። መምህር ይህን በቀላሉ ያውቀዋል፤ ያሸነፈው ሐሳብ አንድም የመቀነስ ምልክት አይኖረውምና።

ስለ ናሙና ወይም ስለ ፕሮቶታይፕ ያለው የተሳሳተ ግንዛቤ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ለምረቃ ኤግዚቢሽን የሚሠራ፣ ቀለም የተቀባ፣ የመጨረሻው ዕቃ ታናሽ ወንድም ነው የሚል ነው። ናሙና ግን አንድን ጥያቄ በዝቅተኛ ወጪ ለመመለስ የሚሠራ ነገር ነው። ምጣዱ በኮንዶሚኒየም ጠባብ ማእድ ቤት ይገባ እንደሆነ ለማወቅ የካርቶን ክብና አራት እንጨት ይበቃል። ሸክላው ቀዝቃዛ ሊጥ ሲነካው ይሰነጠቅ እንደሆነ ለማወቅ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ አግሎ ውኃ እያፈሰሱ መደጋገም ነው። የሙቀቱ ሥርጭት እኩል መሆኑን ለማወቅ ግን ሙሉ መጠን ያለው ሰሌዳና በገጹ ላይ የተደረደሩ የሙቀት መለኪያዎች ያስፈልጋሉ፤ መልኩ አስቀያሚ ቢሆንም ግድ የለም። እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰን ከረጢት የሌለው የአቧራ መጥረጊያ ማሽኑን ለማግኘት 5,127 ናሙናዎች መሥራቱ ይነገርለታል። ከዚህ ታሪክ ተማሪዎች ትዕግሥትን ብቻ ይወስዳሉ፤ እኔ ግን የሚያስገርመኝ በእያንዳንዱ ናሙና አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ የመሄድ ሥነ ሥርዓቱ ነው። ሽቦውን፣ ሸክላውንና መከለያውን በአንዴ የለወጠ ቡድን ውጤቱ ቢሻሻልም ያሻሻለውን አያውቅም።

ማምረት በብዙ የመማሪያ ክፍሎች በመጨረሻው ሳምንት በችኮላ የሚነካ ርዕስ ነው፤ ይህ የሚያስቆጭ ነው፣ ምክንያቱም የዕቃው ዋጋ አብዛኛው የሚወሰነው መሐንዲሱ በወረቀት ላይ በሚያሰምረው መስመር ነው። ለምጣዱ አካል 60 ሳንቲሜትር ዲያሜትር ያላቸው የላሜራ ክቦች ያስፈልጉናል እንበል። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር ከሆነ ላሜራ ላይ ክቦቹን በአንድ ረድፍ ብንደረድራቸው ሦስት ብቻ ይወጣሉ። አንዱን ወደ ላይኛው ጠርዝ፣ ቀጣዩን ወደ ታችኛው ጠርዝ እያስጠጋን በዝግዛግ ብንሥላቸው ግን አራት ይወጣሉ፤ ርዝመቱም 1.94 ሜትር ብቻ ይፈጃል። ዲዛይኑ ሳይነካ፣ ማሽን ሳይገዛ፣ በዚያው ላሜራ የምርቱ ቁጥር በሲሶ ጨመረ። ይህን ዓይነቱን ነገር በጠመኔ ሥሎ ለማሳየት ምናለሽ ተራ ካሉ ቀጥቃጮችና በያጆች የተሻለ መምህር አይገኝም። የሚበየደውን በቡሎንና በዳዶ ማሰር መቼ እንደሚያዋጣ፣ የትኛው ውፍረት ያለው ላሜራ በእጅ እንደሚታጠፍና የትኛው እንደማይታጠፍ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የካድ (በኮምፒውተር ንድፍ የሚሣልበት) ሶፍትዌር ማንኛውንም ቅርጽ ያለ ቅሬታ ይሥላል፤ በያጁ ግን ኤሌክትሮዱ የማይደርስበትን ጥግ አይቶ «ይሄ አይሆንም» ይላል፣ ትክክልም ነው።

በዚህ ረገድ ከአገራችን የሚጠቀስ ጥሩ ሥራ አለ። በ1980ዎቹ የተስፋፉት ምርጥ የእንጀራ ምድጃና ላቀች የከሰል ምድጃ ማገዶ ለመቆጠብ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ሊቆጥብ እንደሚችል ተለክቷል። ከቁጠባው እኩል ትኩረት የሚስበው አሠራሩ ነው። ምድጃው ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከመሰል ጥሬ ዕቃ በቅርጽ ማውጫ እየተዋቀረ በሚገጣጠሙ ክፍሎች የሚሠራ በመሆኑ ትናንሽ አምራቾች ያለ ፋብሪካ ሊያመርቱት ችለዋል። አምራቹ ማን እንደሚሆን ከመጀመሪያው የታሰበበት ንድፍ ይህን ይመስላል።

ደኅንነትን በተመለከተ ተማሪው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ዘዴ አለ፤ የብልሽት ዓይነቶችንና ውጤታቸውን አስቀድሞ መተንተን ይባላል። መነሻው በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጦር ያወጣው የአሠራር ሰነድ ሲሆን በኋላ በመኪና ኢንዱስትሪ ሰፊ ቦታ አግኝቷል። ለእያንዳንዱ ሊደርስ የሚችል ብልሽት ክብደቱ፣ የመድረስ ዕድሉና ሳይታወቅ የማለፍ ዕድሉ ከ1 እስከ 10 ይመዘናል፤ በነባሩ አሠራር ሦስቱ ቁጥሮች ተባዝተው ቅደም ተከተል ይወጣላቸዋል። በምጣዱ ላይ ብንሞክረው ዘዴው ራሱ ያለበትን ድክመት ያሳየናል። የሽቦው ጫፍ ከላሜራው አካል ጋር ተነካክቶ ሰው ቢይዝ ክብደቱ 10 ነው፤ የመድረስ ዕድሉ 2፣ ሳይታወቅ የማለፍ ዕድሉም 2 ቢሆን ብዜቱ 40 ነው። የአክንባሎው እጀታ መላላት ሦስቱንም 4 ቢያገኝ ብዜቱ 64 ይሆናል። በቁጥሩ ብቻ የተመራ ቡድን ሰው የሚገድለውን ትቶ እጀታውን ያጠብቃል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካና የጀርመን የመኪና ኢንዱስትሪ ማኅበራት በጋራ ባወጡት መመሪያ ብዜቱን ትተው ለክብደቱ ቅድሚያ የሚሰጥ ሰንጠረዥ የተኩት በዚህ ዓይነቱ ችግር ምክንያት ነው። ለምጣዱ ግን መመሪያ ሳይጠበቅ አካሉን ከመሬት ገመድ ጋር ማገናኘት የማይታለፍ ነው።

ስለ ሕግ በአጭሩ፦ አዲስ መፍትሔ የተገኘ እንደሆነ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፈጠራ ፓተንት የመጀመሪያ 15 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ይህም በ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። በነባር ዕቃ ላይ የሚደረግ ማሻሻያ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጥ የሚስማማው አነስተኛ ፈጠራ በሚለው ክፍል ነው። ተማሪዎች በመጀመሪያው ወር ስለ ፓተንት ሲጨነቁ ይታያል፤ የሚጠበቅ ነገር እስኪገኝ ድረስ ያሉትን ፓተንቶች ከፍቶ ማንበብ ይበልጥ ይጠቅማል፣ ሌሎች የሞከሩትን በነጻ ያስተምራሉና።

ይህን ሁሉ በአንድ ሴሚስተር ኮርስ ማስተማር ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በሌሎች አገሮችም የተነሣ ነው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤም.አይ.ቲ. ከሦስት የስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማለትም ከቻልመርስ፣ ከስቶክሆልሙ ኬ.ቲ.ኤች. እና ከሊንሾፒንግ ጋር ሆኖ ሲ.ዲ.አይ.ኦ. የተባለ የምህንድስና ትምህርት ማዕቀፍ ጀምሯል። የማዕቀፉ ሐሳብ ተማሪው ማሰብን፣ መንደፍን፣ መሥራትንና ማስኬድን ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ በተደጋጋሚ ፕሮጀክት እንዲለማመድ፣ ለመጨረሻው ዓመት መመረቂያ ሥራ ብቻ እንዳይቆይለት ማድረግ ነው። በአገራችን የምህንድስና ተማሪዎች በአራተኛ ዓመት አካባቢ ለኢንተርንሽፕ ወደ ኢንዱስትሪ ይወጣሉ፤ ብዙዎች አንድ ማሽን ሲሠራ አይተው ሪፖርት ጽፈው ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት አንድ ትንሽ ዕቃ ከፍላጎት እስከ ናሙና ራሱ ያደረሰ ተማሪ ግን በዚያው ፋብሪካ ውስጥ የሚያየው ሌላ ነው፤ ያ ቁልፍ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ፣ ያ ክፍል ለምን በሁለት ቡሎን ብቻ እንደታሰረ ይጠይቃል።

የነጥብ አሰጣጡም መለወጥ ይኖርበታል። የሚሠራ ዕቃ ላቀረበ ብቻ ሙሉ ነጥብ የሚሰጥ ከሆነ ተማሪው እንደሚሠራ አስቀድሞ የሚያውቀውን ይመርጣል፣ ወይም የሌላ ሰው ሥራ ገዝቶ ያቀርባል፤ ይህ በየግቢው የሚታወቅ ነገር ነው። መምህሩ በየሁለት ሳምንቱ የቡድኑን ደብተር ተቀብሎ የትኛው መስፈርት ተለወጠ፣ በየትኛው ልኬት ምክንያት ተለወጠ፣ የትኛው ሐሳብ ተጣለ ብሎ ቢጠይቅና ለእነዚህ መልሶች ነጥብ ቢሰጥ፣ በአምስተኛው ሳምንት የተሰነጠቀው ሸክላ ከነፎቶግራፉና ከሙቀት ልኬቱ በደብተሩ ውስጥ ቦታ ያገኛል። የምጣዱ ቡድን በሴሚስተሩ መጨረሻ የሚያስረክበውም ይህን ደብተር፣ አንድ ገጽ የመስፈርት ሰንጠረዥ፣ የአንዱን ምጣድ ወጪ ከላሜራው እስከ ብየዳው የሚዘረዝር ሌላ ገጽ፣ እንዲሁም ለጋጋሪዋ ተሰጥቶ ቢያንስ ለሁለት የመጋገሪያ ቀናት የተሠራበት አንድ ናሙና ይሆናል።